ሥዕልን ማየት ማን ያስተምረን?

ባለፈው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ላይ፥ በአንድ የሥዕል ክፍል ውስጥ፥ የተማሪዎች ሥራ በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ «ክሪቲክ» የምንለው ጉባኤ ተደርጎ ነበር። እኛም ከተሰበሰቡት መካከል ነበርን። አሥራ አራት ሸራዎች በተርታ ተሰቅለዋል። ከእነዚህም አንዱ፥ አንዲት እኅታችን ሦስት ወር ሙሉ የደከመችበት፥ ገበያ ከተበተነ በኋላ ባዶውን የቀረ ሜዳ የሚያሳይ ሥዕል ነበር። ተራው ሲደርስ መምህሩ «እሺ፥ ምን ትላላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። ከኋላ አንዱ «ቆንጆ ነው» አለ። ሌላው «ከለሩ ደስ ይላል» ሲል ጨመረ። ሦስተኛው ደግሞ «ግን ምን ለማለት ፈልገሽ ነው?» አላት። እኅታችን ልትመልስ አፏን ስትከፍት፥ ጊዜው አጭር ነውና ወደሚቀጥለው ሸራ ታለፈ። ሁሉም በጠቅላላው አራት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። በማግሥቱ ሸራዋን አውርዳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው፤ ከሳምንት በኋላም ነጭ ቀለም ለቅልቃ ሌላ ሥዕል ጀመረችበት።

ይህን የምንጽፈው መምህሩን ለመክሰስ አይደለም፤ ዝም ካሉት መካከል እኛም ነበርንና። ዝም ያልነውም ለእኅታችን ክፉ ልብ ኖሮን ሳይሆን የምንናገረው ስላልነበረን ነው። የምንናገረው ያጣነው ደግሞ ሥዕሉን ስላላየነው ነው። ዓይናችን ሸራው ላይ አርፎ ነበር፤ አላየነውም። እነሆ ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ነገር ሲከነክነን ቆይቶ፥ ክረምቱ ሳይገባ ከጓደኞቻችንና ከመምህራኖቻችን ጋር ልንወያይበት ወደድን።

የሥዕል ተማሪ እጁን እንዲያሠለጥን ብዙ ይደረግለታል። ከሰሉን እንዴት እንደሚይዝ፥ ሸራውን እንዴት እንደሚወጥር፥ ቀለሙን በምን እንደሚያቀጥን፥ የሰውን አካል በጭንቅላቱ ልክ እየለካ እንዴት እንደሚነድፍ ይማራል፤ ሲሳሳትም ይታረማል። ዓይኑ ግን ከእናቱ ማኅፀን ሠልጥኖ እንደ ወጣ ይቆጠራል። የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚባል ትምህርት አለ እንጂ እንዴት የለም ትላላችሁ? የሚል ጓደኛ አይታጣም። አለ። መብራቱ ይጠፋል፥ ሥዕሎቹ በግድግዳ ላይ እየተፈራረቁ ያልፋሉ፥ እኛም ስምና ዓመት እንገለብጣለን። ፈተናውም የሚጠይቀን ያንኑ ነው፤ ማን ሠራው፥ መቼ ሠራው፥ ስልቱ ምን ይባላል። ሥዕሉን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ያላየ ተማሪ ሙሉ ነጥብ ሊያገኝበት ይችላል፤ የሚያገኝም አለ፤ ከመካከላችን አንዱ አግኝቶበታል።

ለምሳሌ የአፍሪካ አዳራሽን እንውሰድ። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. መመረቁን፥ በውስጡ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል በሦስት መስኮቶች ተከፍሎ 150 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት እንዳለው፥ ርእሰ ነገሩም የአፍሪካ ነጻ መውጣት እንደ ሆነ ከመካከላችን የማያውቅ የለም። ይህን በእንቅልፋችንም እንመልሳለን። አዳራሹ ታድሶ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. እንደ ገና ሲከፈት ፎቶግራፉ በየስልካችን ተዘዋወረ። የመስታወት ሥዕል ግን በፎቶግራፍ የማይያዝ ነገር አለው። ብርሃኑን የሚያገኘው ከጀርባው ነው፤ ስለዚህም ደመና ሲያልፍ ቀዩ ይጠቁራል፥ ደመናው ሲገለጥ ደግሞ ቀለሙ ወለሉ ላይ ወርዶ የቆመውን ሰው ልብስ ያቀልማል። ሥዕሉ በጠዋትና በማታ አንድ አይደለም። ይህን ለማወቅ ከፊቱ መቆም፥ ቆሞም መቆየት ያስፈልጋል። ስንቶቻችን ቆይተናል?

«ሠዓሊ ሥራውን ይሥራ፤ ወሬውን ለሚያወራ ይተው» የሚሉ አስተማሪዎችና ጓደኞች አሉ። አባባሉ እውነት የሌለበት አይደለም። ሥዕሉን በአፉ ብቻ የሚሠራ ሰው አይተናል፤ ከሸራው ይልቅ የሚያስረዳበት ወረቀት የሚረዝም። ነገር ግን ማየትና ማውራት አንድ አይደሉም። የሌላውን ሥራ ማየት ያልቻለ የራሱንም ማየት አይችልም። ሥዕሉን የት ላይ እንደሚያቆም፥ የቱን ጥግ እንዳበላሸው፥ የትኛው መስመር ሳያስበው እንደ ተባረከለት የሚነግረው ዓይኑ እንጂ ብሩሹ አይደለም። ነጭ ቀለም የተለቀለቀበትም ሸራ ምናልባት መጥፎ ሥዕል ነበር፤ ምናልባትም እኅታችን ከሠራቻቸው ሁሉ የሚበልጠው ነበር። አሁን ማን ያውቃል? እርሷም አታውቅም፤ የሚያሳዝነንም ይኸው ነው።

ነገሩ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። አቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታ በጀርመን አገር በኮሎኝ ተምረው ተመልሰው በ1950ዎቹ አጋማሽ ረቂቅ ሥዕሎቻቸውን በአዲስ አበባ ባሳዩ ጊዜ፥ የማይገባ ነው፥ ከውጭ የመጣ ነው፥ የኛ አይደለም የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ብዙው ሰው የጠየቀው «ምን ማለት ነው?» ብሎ ነው። እኛም ከስድሳ ዓመት በኋላ በዩኒቨርሲቲው በስማቸው በተቋቋመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ «ጎልጎታ» የተባለውን ሥራቸውን ስናነሣ መስቀሉንና ችንካሩን ፍለጋ እንንከራተታለን፤ ካጣናቸው እናልፋለን። ቀዩ ቀለም የት እንደሚጀምር፥ የት እንደሚከብድ፥ ዓይናችንን ወዴት እንደሚገፋው አንጠይቅም። «ምን ማለት ነው?» መጥፎ ጥያቄ አይደለም፤ መጥፎ የሚሆነው የመጀመሪያው ሲሆን ነው። መልስ የሚፈልገው ከሥዕሉ ሳይሆን ከሠዓሊው ወይም ከመጽሐፍ ነውና ዓይንን ሥራ ያስፈታል።

እስቲ ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በዚህ አገር አንድን ነገር ቆሞ የማየትና የመመርመር ትምህርት አልነበረምን? ነበረ፤ አለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ «ቆንጆ ነው» ብለው አያሰናብቱትም። ቃሉን ይዘው ይመረምራሉ፤ ሰሙ ከወርቁ የሚላቀቅበትን፥ ግሡ ያልተስማማበትን ቦታ ያሳዩታል፥ ያርሙታል፥ ሲበጅም ይመርቁታል። ይህ ቅኔ ነገራ ከእኛ ክሪቲክ ምን ይለየዋል? የሚለየው፥ እዚያ ያለው ተሰሚ መሆኑ ነው።

የመጻሕፍት ትርጓሜውም እንዲሁ ነው። በትርጓሜ ጉባኤ መጀመሪያ ንባቡ ይነበባል። ቀጥሎ ነጠላው ትርጉም ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ነው «አንድም» የሚባለው፤ «አንድም» እየተባለም ሁለተኛው፥ ሦስተኛው፥ አራተኛው ትርጉም ይመጣል። ሁለት ነገር ልብ እንበል። አንደኛ፥ ማንም ንባቡን ሳያነብ ወደ «አንድም» አይሮጥም። ሁለተኛ፥ አንዱ «አንድም» ሌላውን አይሽረውም፤ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ከቃሉ ላይ የታሠረ መሆን አለበት። ከንባቡ የማይያያዝ «አንድም» ጭውውት ነው።

ይህን ስንል የሥዕል ክፍሉን የአብነት ትምህርት ቤት እናድርገው ማለታችን አይደለም፤ ከመካከላችንም የቤተ ክርስቲያን ልጅ ያልሆንን አለን። ከሐረር የመጣች አንዲት ጓደኛችን እንዳጫወተችን፥ በሐረሪዎች ቤት ግድግዳ ላይ በተርታ ከተሰቀሉት ስፌቶች የአንዱ ጠርዝ ክር ቢስት እናቶች ከበር ላይ ሆነው ያውቁታል፤ ማን እንደ ሰፋችው፥ ለየትኛው ሠርግ እንደ ተሰጠም ይናገራሉ። ያም ትምህርት ነው። ለማለት የምንፈልገው፥ የማየት ሥርዓት ከባሕር ማዶ እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም ነው።

ይህን ሐሳብ እንሞክረው ብለን አንድ ቅዳሜ ስድስት ሆነን በስድስት ኪሎ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄድን። ተቋሙ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፥ የሚገኘውም ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንጻ ውስጥ ነው። ከስድስታችን ሦስቱ የሥዕል ተማሪዎች፥ አንዱ የሕክምና፥ አንዱ የሥነ ምድር፥ አንዲቱ የቋንቋ ተማሪ ነበርን። ከሥዕሎቹ ሁሉ አንዱን ብቻ መረጥን፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ የምትታይበትን በእንጨት ላይ የተሣለ ሥዕል። ስልኮቻችንን በአንድ ቦርሳ ውስጥ ከተትን። ለሃያ ደቂቃ ማንም አይናገር፥ ያየውን ብቻ በወረቀት ይጻፍ ተባባልን። ይህ ጋዜጣችን በስቴንስል የሚባዛ እንደ መሆኑ ሥዕሉን ልናሳያችሁ አንችልምና በቃል እንተርክላችሁ።

የመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች አስቸጋሪ ነበሩ። «እመቤታችን ናት» ብለን ጽፈን ጨረስን፤ ስም ካወጣንለት ሥራው ያለቀ መሰለን። ዘበኛው ደግሞ ስድስት ሰው በአንድ ሥዕል ፊት ተገትሮ ሲያይ ነገሩ አላማረውም መሰለን፤ ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄደ። ከዚያ በኋላ ግን እርሳሶቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ።

ሃያው ደቂቃ ሲያበቃ በመጀመሪያ የተናገረው የሕክምናው ተማሪ ነው። «ሕፃኑን አልያዘችውም» አለ። ምን ማለትህ ነው? አልነው። «እጆቿን ተመልከቱ። አንጓቸው ላይ ተደራርበው ከፊቱ አርፈዋል እንጂ አልጨበጡትም። ይህን የሚያህል ልጅ በዚህ አያያዝ ይወድቃል» አለ። ሦስታችን የሥዕል ተማሪዎች ይህን አላየንም ነበር! ከዚያ ወዲያ ግን ሌላ ማየት አልቻልንም። እንግዲህ አትሸከመውም፤ ታሳየናለች ማለት ነው፤ አለች የቋንቋዋ ተማሪ። ይህ የመጀመሪያው «አንድም» ሆነልን። የሥነ ምድሩ ልጅ ከቀለሙ በታች ያለውን ነጭ ልባጥ በስንጥቁ በኩል አይቶ፥ ሠዓሊው ከመሣሉ በፊት ጣውላውን ምን ያህል እንዳዘጋጀው አስረዳን። ከዚያም አንዱ «በግራ እጇ የያዘችው ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀ።

መሐረብ ነው። መሐረብ ለምን ያዘች? አንዷ፥ ለእንባዋ ነው፤ በልጇ ላይ የሚመጣውን አስቀድማ ታውቃለችና፥ አለች። ሌላው፥ እናት ስለ ሆነች ነው፤ ልጅ የያዘች እናት መጥረጊያ አይለያትም፥ አለ። ሳቅን፤ ቢሆንም ሁለቱም ከሥዕሉ ላይ ካለው ነገር የተነሡ ናቸውና ጻፍናቸው። ወደ ቤተ መጻሕፍት የሄድነው ከዚህ በኋላ ነው። በዚያም ያገኘነው ይህ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ሥዕል ምንጭ በሮማ ከተማ በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው ጥንታዊ ሥዕል ነው። ቅጂው በ16ኛው መቶ ዓመት ማብቂያና በ17ኛው መባቻ ግድም በዠዝዊት ሚሲዮናውያን እጅ ወደ አገራችን ገባ። በዚያ በጥንቱ ሥዕል ላይ ያለው ጨርቅ የእንባ አይደለም፤ በቤተ መንግሥት ሥርዓት የክብር ምልክት የነበረ ነው። ዠዝዊቶቹ በአፄ ፋሲል ዘመን ተባረሩ፤ ሥዕሉ ግን ቀረ፤ ሠዓሊዎቻችንም ደጋግመው ሣሉት፥ ልብሱን አበሻ አለበሱት፥ በሚካኤልና በገብርኤል አጀቡት፥ መሐረቡንም አልጣሉትም።

ታዲያ የክብር ጨርቅ መሆኑን ካወቅን በኋላ የጓደኛችን «ለእንባዋ ነው» ማለት ሐሰት ሆነን? በዚህ ላይ እስከ ማታ ተከራከርን። የሮማው ሠዓሊ እንባ አላሰበ ይሆናል። በጎንደር ዘመን ከሥዕሉ ፊት ተንበርክካ የጸለየች ልጅ የሞተባት እናት ግን የክብር ጨርቅ ምን እንደ ሆነ ሳታውቅ በዚያ መሐረብ ውስጥ ምን አይታ ይሆን? ክርክሩ ገና አላለቀም። ነገር ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም በመጽሐፍ ብንጀምር ኖሮ አናገኘውም ነበር፤ መጽሐፉ «የክብር ጨርቅ ነው» ብሎን እንገለብጠውና እናልፍ ነበር።

ለትዕግሥት ማነስ እኛ ብቻ የተወቀስን አይምሰለን። በአሜሪካ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ታሪክ የሚያስተምሩት ጄኒፈር ሮበርትስ ተማሪዎቻቸው በአንድ ሥዕል ፊት ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲቀመጡ እንደሚያዟቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ገልጠዋል። ራሳቸውም ኮፕሊ የተባለው ሠዓሊ በ1765 እ.ኤ.አ. የሣለውን፥ ሽኮኮ የመሰለች ትንሽ አውሬ በሰንሰለት የያዘ ልጅ ሥዕል ሲያዩ፥ የልጁ ጆሮ ቅርጽና በአውሬዋ ሆድ ላይ ያለው ጠጉር ቅርጽ አንድ መሆኑን ለማየት ዘጠኝ ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል። ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉት መምህርት ዘጠኝ ደቂቃ ከፈጀባቸው፥ እኛ በአራት ደቂቃ የጓደኛችንን የሦስት ወር ድካም ልንፈርድበት መቀመጣችን ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ልመናችን እንምጣ። መምህራኖቻችን ተማሪው ብዙ ነው፥ ጊዜው ጥቂት ነው እንደሚሉን እናውቃለን። እስቲ እናስላው። አሥራ አራት ሸራ በአራት አራት ደቂቃ ኀምሳ ስድስት ደቂቃ ነው። በዚያው ጊዜ ሦስት ሸራ በአሥራ ስምንት አሥራ ስምንት ደቂቃ ማየት ይቻላል። በሳምንት ሦስት ሦስት ሲታይ አሥራ አራቱም በአምስት ሳምንት ውስጥ ይዳረሳል። አንድ ጊዜ በደንብ የታየ ተማሪ፥ አምስት ጊዜ ከታለፈ ተማሪ ይሻላል ብለን እናምናለን። ከአሥራ ስምንቱ ደቂቃ የመጀመሪያዎቹ ስምንቱ በዝምታና በጽሕፈት ይለፉ። ከዚያ እያንዳንዱ ያየውን ብቻ ይናገር፤ ወደድሁ ጠላሁ ማለት ይቆይ። «ያዘነ ሥዕል ነው» የሚል ቢኖር፥ ኀዘኑን ከየት አገኘኸው፥ ከየትኛው መስመር፥ ከየትኛው ቀለም ተብሎ ይጠየቅ። የሠራው ተማሪ እስከ መጨረሻው ዝም ብሎ ይስማ፤ ሰዎች በሥዕሉ ያዩትን፥ ያላዩበትንም፥ ይወቅ። በዚህች በመጨረሻዋ ነገር ከመካከላችን አንዱ አይስማማም፤ ሠዓሊው አስቀድሞ አሳቡን ቢናገር ብዙ ስሕተት ይቀራል ይላል። እኛ ደግሞ ያን ስሕተት ነው የምንፈልገው፥ ብለነዋል። በሚቀጥለው እትም መልሱን ይጽፋል።

ለመምህራኖቻችን አንድ ነገር ብቻ እንጨምር። ከእኛ ጋር እዩ። ብዙ ጊዜ መልሱን ይዛችሁ ትመጣላችሁ፤ እኛም መልሱን እንጠብቃለን፤ ስለዚህ ሁላችንም አናይም። እናንተ ራሳችሁ አንድ ሥዕል ፊት ቆማችሁ ስታመነቱ፥ «ቆይ፥ ይህን አላየሁትም ነበር» ስትሉ ብንሰማ፥ ከአንድ መንፈቀ ዓመት ትምህርት ይበልጥብን ነበር። ሌሎችም መጥተው ያስተምሩን ዘንድ በሩ ይከፈት፤ የግዕዝ መምህራን፥ የታሪክ ሰዎች፥ የቅኔ ባለቤቶች። የሕክምናውን ልጅ ያየነው በአጋጣሚ ነው፤ ብናስብበት ኖሮ ደግሞ ከፋኩልቲው አሥር እንደ እርሱ ያሉ ባገኘን ነበር።

ከመንግሥት በጀት፥ ከውጭ አገር ዕርዳታ የምንጠይቀው ምንም የለም። ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። ነጭ የተለቀለቀበትን ሸራ ያልነውን እኅታችንን አነጋግረናታል፤ መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥሎ ያንን ሜዳ እንደ ገና እየነደፈችው መሆኗን ነገረችን፤ ሲያልቅ ካያችሁልኝ አሳያችኋለሁ ብላለች።

የሚመጣው ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ከሙዚየሙ በር ላይ እንገናኛለን። ከየትኛውም ፋኩልቲ የሚመጣ ተማሪና መምህር እንቀበላለን፤ የምናየው አንድ ሥዕል ብቻ ነው። ስልክ የያዘ ቦርሳው ውስጥ ይከታል። ወንበር የለም፤ ቆመን ነው የምናየው፤ ስለዚህ የሚመች ጫማ አድርጉ።